የሜዳ አህያዋ ጉዳይ በኮሚቴ ሲታይ

ስካርቦሮ በተባለ የባሕር ማዶ ከተማ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ የተከበረ የሐበሾች መረዳጃ ማኅበር አለ። ከተመሠረተ ጀምሮ መልስ ያላገኘለት ጥያቄ የለም፤ ጥያቄ ሲቀርብለት ኮሚቴ ያቋቁማልና፣ ኮሚቴ የተቋቋመለት ጥያቄ ደግሞ እንደተመለሰ ይቆጠራል። ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውዴ ይህን ድንቅ አሠራር ለዓመታት ጠብቀው ያቆዩ ሰው ናቸው። ስብሰባ ሲመሩ ፈገግታቸው እንኳ አስቀድሞ በአጀንዳ የተያዘ ይመስላል።

ማኅበሩ አንዲት ትንሽ እክል ብቻ ነበረችበት፤ ወጣት የሚባል ዝር አይልበትም። የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ባለቤት የሆነው የሰፈሩ ማዕከል፣ ቅዳሜ ከሰዓትን የሰጣቸው ለወጣቶች ተብሎ መሆኑን አስታውሶ፣ ወጣት ካልመጣ ሰዓቱ ለዮጋ ቡድን እንደሚተላለፍ በትሕትና ነገራቸው። አቶ ዘውዴ ደነገጡ። የአዳራሹ ነገር ብቻ አልነበረም። ኖርዝ ዮርክ ባለ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የምታጠና ሔርሞን የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ አንድ ቀን እዚያ አዳራሽ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ ማየት ይናፍቃቸው ነበር። ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ በየትኛውም አጀንዳ አልተያዘማ።

መጥታ ለልጆች አንድ ነገር እንድታቀርብ ለመኗት። እሷም አላስከፋቻቸውም።

«ኦኬ አባዬ፣ ለልጆቹ ፕረዘንት አደርጋለሁ። ዜብራ ለምን ስትራይፕ እንዳለው። ፈን ነው። ግን ስፒች የለም፤ ፕሮሚስ?»

«የምን ስፒች? እንኳን ደህና መጣችሁ ብቻ ነው።»

በቀኑ ልጆቹ መጡ። ከሩቁ ሬክስዴል ድረስ ልጆቻቸውን ጭነው የመጡ ወላጆችም ነበሩ። አቶ ዘውዴ ቃላቸውን ጠብቀው እንኳን ደህና መጣችሁ ብቻ አሉ፤ ይኸው እንኳን ደህና መጣችሁ ግን ከማኅበሩ ምሥረታ ተነስቶ፣ በችግሮችና በመፍትሔዎቻቸው በኩል አልፎ፣ ወደ ሜዳ አህያዋ ሲቃረብ ልጆቹ የቀረበላቸውን ብስኩት ጨርሰው እርስ በርስ መቆናጠጥ ጀምረው ነበር። ከዚያም በአሠራሩ መሠረት ርዕሱ ለጉባኤው ቀርቦ መጽደቅ ነበረበት። አቶ ዘውዴ «የሜዳ አህያ ጥቁር መስመር ያላት ለምንድን ነው?» ብለው አነበቡ።

ዋና ጸሐፊው አቶ ወልደ ሚካኤል ተነሱ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ነጭ ሆና ጥቁር መስመር ያላት መሆኗ በማን ተረጋገጠ? ጥቁር ሆና ነጭ መስመር ያላት ብትሆንስ?»

«ነጭ መሆኗማ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል!» አሉ ምክትሉ አቶ ተክሌ።

«ዓይን የለህም ማለትዎ ነው? በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ!»

«ይያዝ! የኔም ይያዝ!»

ሔርሞን እጇን አወጣች። «ኤክስኪውዝ ሚ፣ እኔ ላስረዳ? አንሰሩ እኮ—»

«ቆይ ልጄ» አሉ አቶ ወልደ ሚካኤል በአባትነት። «ርዕሱ ሳይጸድቅ መልሱ አይደመጥም።»

ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ወጣ። ጉባኤው ሁሉ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። አቶ ዘውዴ ብልህ መሪ ስለሆኑ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በዚህ ታሪካዊ ውሳኔ ምክንያት ሁለት ኮሚቴዎች ተወለዱ፤ የጥቁር መስመርና የነጭ መስመር። እያንዳንዳቸው ሰብሳቢ፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ኦዲተር ስላስፈለጋቸው፣ በማኅበሩ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ያላገኘ አባል ጠፋ። ነጮቹ በግራ፣ ጥቁሮቹ በቀኝ ተቀመጡ። ዘግይተው የደረሱ ልጆች በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን አዩና ተመለሱ። ውስጥ የነበሩትም አንድ በአንድ ሾልከው ወጡ። በመጨረሻ የዮጋ ሰዎች ምንጣፋቸውን በብብታቸው ይዘው በሩን አንኳኩ።

አባትና ልጅ በመኪና ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። ሔርሞን ተቀይማለች፤ አቶ ዘውዴም አውቀውታል። ቆይተው፣

«ለመሆኑ መልሱ ምን ነበር?» አሏት።

«ዝንብ ነው አባዬ። የሚናከሰው ዝንብ። ከሩቅ ያያታል፣ ይመጣል። ቀረብ ሲል ግን መስመሩ ኮንፊውዝ ያደርገዋል። የት እንደሚያርፍ ይጠፋበትና ጥሏት ይሄዳል።»

አቶ ዘውዴ ይህን በጥሞና አሰላሰሉ።

«እና ነጭ ላይ ጥቁር ነው ወይስ ጥቁር ላይ ነጭ?»

«ለዝንቡ ምን ይለውጥለታል?»

ማኅበሩ ስብሰባው በተሳካ ሁኔታ መጠናቀቁን የሚገልጽ የአቋም መግለጫ አወጣ፤ አንደኛው ኮሚቴ አንድ፣ ሌላኛው ሌላ። አዳራሹም ለዮጋው ተሰጠ። የአቶ ዘውዴ ምኞትም እንደ ምንም ተሳካ ማለት ይቻላል፤ ሔርሞን አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳራሹ አትጠፋም፤ ዮጋ ጀምራለች። አባቷ ያደርሷትና ማኅበሩ ወደ ተዛወረበት፣ ማዶ ወዳለው ዶናት ቤት ይሻገራሉ። እዚያ ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ የነጮቹና የጥቁሮቹ። ሊቀ መንበሩ ለማንም እንዳያደሉ መሃል ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ ይናገራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ሔርሞን ዮጋዋን ቶሎ ጨርሳ ወደ ዶናት ቤቱ መጣች። በሩን ከፍታ ገባች። አቶ ዘውዴ ልባቸው ደስ አለው፤ አጠገባቸው ወንበር እንዲመጣላት በእጃቸው ምልክት ሰጡ። አንዱ ጠረጴዛ «ነይ እዚህ!» አላት፤ ሌላኛውም «ነይ እዚህ!» አላት። ሔርሞን ቀረብ አለች፤ ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች፣ ቆመች።

«መኪናው ጋ እጠብቅሃለሁ አባዬ» አለችና ወጣች።

አቶ ዘውዴ ያን ጊዜ የሜዳ አህያዋ ነገር በደንብ ገባቸው። ሮጠው ሊከተሏትም በጣም ፈልገው ነበር፤ ግን የመክፈቻ ንግግራቸውን ገና አልጨረሱም።