ዳኛው ምስክር የሆነ ቀን

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይላሉ። እንዲህ የሚሉት ጎረቤታቸው ዳኛ ያልሆነባቸው ናቸው።

የእቴ ፋጡማ ልጅ ሰይድ አዲስ አበባ የፌዴራል ዳኛ ነው። የተሾመ ጊዜ መካነ ሰላም ላይ እልል ያላለ የለም። እኔ ክርስቲያኗ እንኳ ዱአው ላይ ከፊት ነበር የተቀመጥኩት። ከእንግዲህ ማን ይነካናል ብዬ!

ነኩን። ጎረቤቴ ከድጃ ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ የባሏ ወንድም ድንበር ገፍቶ ግማሽ ማሳዋን አረሰባት። ሦስት ልጆች የምታበላው ከዚያች ማሳ ነው እኮ! ሰይድ እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ የከድጃን እጅ ይዤ እነሱ ቤት ገባሁ።

"ለወረዳው ዳኛ አንድ ቃል ጣል አድርግላት" አልኩት።

"አይቻልም፣ እትዬ ብርቄ። እኔ የፌዴራል ነኝ፤ የመሬት ጉዳይ የክልል ነው። ደግሞ ዳኛ ለዳኛ አይደውልም።"

ወላሂ ደሜ ፈላ! ፍትሕም እንደ አውቶብስ መስመር ተሰጥቷት ነው፣ የወረኢሉን ሰው ወግዲ የማታደርሰው?

"ቤቴ የበላኸው ሽሮ የክልል ነበር የፌዴራል?" አልኩት።

እናቱ "አንቺ፣ ልጄን ተይው!" ብላ ጮኸችብኝ። ይሄኔ ከድጃ ተናገረች።

"እኔ ደውልልኝ አላልኩም። ድንበሩ ሲተከል ነበርክ።"

እውነቷን ነው። አማቷ ለልጆቻቸው መሬት ያካፈሉ ለት፣ የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል፣ ያኔ ትንሽ ልጅ የነበረውን ሰይድን አጠገቡ አቁመው በጥፊ አጮሉት። አጥፍቶ አይደለም። ልጅ የተመታበትን ቦታ አይረሳም ብለው ነው። የነበሩት ሽማግሎች ሁሉ አልፈዋል። የቀረው ምስክር ያ ጉንጭ ብቻ ነው።

ሰይድ ጉንጩን ዳበስ አደረገ። "ይሄ ይቻላል። መጥሪያ ይላክልኝ" አለ።

መጣ። ከጠዋት ጀምሮ የወረዳው ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ቆመን አረፈድን። ስድስት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ብቅ ብላ፣ "ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ለሦስት ሳምንት ተቀጥሯል" አለች።

"ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ!" ብሎ ሰይድ በገነ።

አጠገቡ የቆመ ገበሬ ገላመጠውና፣ "ወንድሜ፣ ገና አንደኛህ ነው? እኔ ሰባተኛዬ ነው" አለው።

በሁለተኛውም መጣ። ችሎቱ ማሳው ድረስ ወረደ። ድንጋዩ ድሮ ተነቅሏል። ሰይድ ግን ወዲያ ወዲህ ብሎ፣ "የተመታሁት እዚህ ነው" ብሎ ቆመ። ቢቆፈር የከድጃ አማት ያኔ ለምልክት ከድንጋዩ ሥር የቀበሩት ከሰል ብቅ አለ። ከድጃ ማሳዋን አገኘች።

መናኸሪያ ልሸኘው ሄጄ መርቄ መርቄ ሳበቃ፣ ምላሴ መቼ ያርፋል፣ "ለመሆኑ ሥራህን ለማን ጥለህ ነው ሁለቴ የመጣኸው?" አልኩት።

ዓይኑን ሰበረ። "ለማንም። መዝገቦቹን ለሌላ ቀን ቀጠርኳቸው።"

እንግዲህ አዲስ አበባ ያለሽው እህቴ፣ ሁለቴ ደጁ ቆመሽ "ዳኛው የሉም" የተባልሽው፣ እርገሚኝ፤ አሜን እላለሁ። ማሳውን ግን አንመልስም።