የጋሽ ዘውዴ አውሮፕላን በር

እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ለበር ያለን ፍቅር ያናድደኛል። መሬት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያቆመው በር ነው። ቤቱ ይቆይ። ጣሪያው ገና በምኞት ሳለ የግቢው በር ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ የአንበሳ ፊት ተለጥፎበት ይገተራል። ከበስተኋላው ምን አለ? አሸዋ።

በር ስንገዛ ደግሞ አናየውም፤ እናንኳኳዋለን። ድምፁ ወፍራም ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከቀጠነ ሻጩ አጭበርባሪ ነው። ዕቃ ሁሉ እንዲሁ። ድስት፣ ሰዓት፣ ጫማ፣ የስልክ ቻርጀር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በመዳፋችን መዘን «ከበድ ይላል» ካልን አለቀ። ኦሪጅናል ነው። ለምን እንደሚያገለግል የሚጠይቅ ሰው ካለ እሱ ወይ ሞኝ ነው ወይ እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ስለ አንድ አውሮፕላን ልነግራችሁ ፈልጌ ነው።

አትሳቁ። ከልደታ ወደ አብነት ስትሄዱ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በሸራ የተሸፈነች አውሮፕላን አለች። የሠሯት ጎረቤቴ ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ «የሰው ስጠግን ኖርኩ፣ አሁን የራሴን ልሥራ» አሉና ጀመሩ። ሁለት መቀመጫ ያላት ትንሽ ነገር ነች። የመብረሪያ ፈቃዱ ገና ነው። ክንፎቿም ገና አልተገጠሙም፤ የማድቤቱን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ልብስም ተሰጥቶባቸው ያውቃል።

ሁለተኛው መቀመጫ የባለቤታቸው የእትዬ አስካለ ነው። በቁመታቸው ተለክቶ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እግር መዘርጊያው ረዘም ብሎ የተሠራ። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። እኔ አንዴ ልሞክረው ብዬ ገና ከመደገፌ «ተነሥ፣ ተይዟል!» ተባልኩ። ታክሲ ውስጥ እንኳ በዚህ ቁጣ ተነሥቼ አላውቅም።

ችግሩ በሩ ነበር። የዚህች አውሮፕላን በር ወደ ጎን አይከፈትም፤ ወደ ላይ ይነሣል። ተነሥቶ የሚቆመው ደግሞ በእንጨት ተደግፎ ነው። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሊገቡ ጎንበስ ሲሉ እንጨቱ ተንሸራተተና በሩ አናታቸው ላይ ወረደ። አልቆሰሉም። ነጠላቸውን አስተካከሉና እንዲህ አሉ፦

«መሬት ላይ እንዲህ ያደረገኝ ሰማይ ላይ ምን ሊያደርገኝ ነው? ዘውዴ፣ ይሄ በር ሰው እስኪሆን እኔን እርሳኝ።»

ከፍርድ ቤት ቢሆን ይግባኝ ይባላል። ከእትዬ አስካለ ይግባኝ የለም። ጋሽ ዘውዴ ያን ሰሞን አውሮፕላናቸውን ሲያዩ ሙሽራዋ የቀረችበት ሠርገኛ ይመስሉ ነበር።

የመኪና የኋላ በር ስትከፍቱ ቀስ ብሎ የሚያነሣውን፣ ላይ ሲደርስም ይዞ የሚያቆመውን በጋዝ የተሞላ ዘንግ ታውቁታላችሁ። ጋራዦች ሾክ ይሉታል። ጋሽ ዘውዴ መፍትሔው እሱ ነው አሉ። በሩን በኩሽና ሚዛን መዘኑ። ሾኩ የት ላይ ቢታሰር እንደሚሻል በካርቶን እየቆረጡ ሞከሩ፤ በሩ ሲከፈት ወደ ላይ እንዲገፋ፣ ሲዘጋ ደግሞ ዞሮ ወደ ውስጥ እንዲይዝ። ቀዳዳዎቹን በሱ። ከዚያ በሰው በኩል ከውጭ አገር እንደ እስክሪብቶ የቀጠኑ ሁለት ሾኮች አስመጡ።

የሚገጠመው እሑድ ሆነ። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። እሑድ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ሥራ የለውም፤ ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ምክር አያጣም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። የዚያን ቀን ምክር አውሮፕላንም አይችለውም።

በየነ መጣ። የሰፈራችንን የግቢ በር ሁሉ የበየደው በየነ ነው፤ የሱን በር ሌባ አይከፍተውም፣ ባለቤቱም በግድ ነው። ከቀጫጭኖቹ አንዱን አነሣና በመዳፉ መዘነ። በአውራ ጣቱ ሲጫነው ገባለት። ፊቱ የለቅሶ ቤት ፊት ሆነ።

«ጋሽዬ፣ አታለሉዎት። ይሄ እኮ የቁም ሳጥን በር አይችልም!»

ሄደና ከአንድ አሮጌ ሚኒባስ የነቀላቸውን ሾኮች ይዞ ተመለሰ። ክንድ ክንድ ያክላሉ። ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ፤ ያልመዘናቸው ሰው አልነበረም።

«ዕቃ ማለት ይሄ ነው!»

«የድሮ ብረት እኮ ነው፣ የድሮ!»

ጮህኩ። «የበሩ ክብደት የዶሮ ያህል ነው! ዶሮ ላይ የበሬ ቀንበር ትጭናላችሁ?» ሰሚ የለም። ጋሽ ዘውዴ የበሩን ቅጥነት በጣታቸው እያሳዩ ማስረዳት ሲጀምሩ፣ እትዬ አስካለ መሐል ገብተው ሁለቱንም ተቀበሉ፤ በአንድ እጃቸው ቀጭኑን፣ በሌላው ወፍራሙን።

«ይሄኛው» አሉ ወፍራሙን ከፍ አድርገው።

«አስኩዬ፣ እሱ እኮ ለመኪና ነው...»

«በሩ የወደቀው እኔ አናት ላይ ነው፣ ዘውዴ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጋሽ ዘውዴ የሚያውቁትን ሁሉ ውጠው ትራፓኖውን አነሡና ሌላ ቀዳዳ በሱ።

ወፍራሞቹ ተገጠሙ። በሩ ሲለቀቅ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ አውሮፕላኗ ሁለመናዋ ተናወጠ። ጭብጨባ! እልልም ያለ ሰው አለ። ከዚያ እንዝጋው ተባለ። አይዘጋም። በየነ ተንጠለጠለበት፤ ሌላ ሰው ታከለ። ታችኛው ጫፍ በመከራ ገጠመ፤ መሐሉ ግን እንደ ደጋን ጎበጠ፤ በስንጥቁ ጣት ያሳልፋል።

አሁንስ ይገባቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። የዋህ ነኝ። ሰው ኪሱ ውስጥ መሐረብ ይይዛል፤ በየነ መቀርቀሪያ ይይዛል። አወጣና በብሎን አሰረው። ከውጭ በኩል! እንደ ዶሮ ቤት!

«በየነ፣ ከውጭ? ውስጥ ያለው ሰው ሰማይ ላይ በምን ሊከፍተው ነው?»

ዞሮ በአዘኔታ አየኝ።

«አንተ ደግሞ! ሰማይ ላይ ወራጅ አለ እንዴ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ በዚህ ከተማ ጥሩ ቀልድ ያመጣ ሰው ክርክሩን አሸነፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ትክክል ሁኑ፤ ጨዋታ የማይገባው ሰው ናችሁ።

እትዬ አስካለ ገብተው ተቀመጡ። በየነ በሩን ደፍቆ ቀረቀረው። በዚያኛው ጎን ያለው በር ከግንቡ ጋር ስለተጠጋ አይከፈትም። ጋሽ ዘውዴ ለባለቤታቸው ጉልበት ትራስ ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ፤ እኔም አኩርፌ ከማድቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ አስካለ መስታወቱን በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። ሰላምታ መስሎት ሰፈሩ በሙሉ እጁን አውለበለበላቸው። በሁለት እጅ መቱ። በሁለት እጅ አውለበለቡላቸው።

ጋሽ ዘውዴ ትራስ ታቅፈው ብቅ አሉ።

«ምን ነካችሁ? እየጠራችኝ ነው እኮ! ክፈቱላት!»

በየነ ሮጦ መቀርቀሪያውን ሳበ። በሩ የታመቀውን ሁሉ ይዞ ተፈናጠረና አገጩን አገኘው። በየነ በቂጡ ቁጭ አለ።

እትዬ አስካለ በላብ ተጠምቀው ወረዱ። ማንንም አልተቆጡም። ጋሽ ዘውዴ ትራሱን እንደያዙ ቀሩ፤ አሁን «ሽጠው» ትላለች ብለው የፈሩ ይመስለኛል። እኔም ፈርቻለሁ።

«ዘውዴ» አሉ፣ «ያንን ቀጭኑን ግጠምልኝ።»

የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች እዚያው ነበሩ፤ ብዙም አልፈጀ። ሸክሙ ሲወርድለት በሩም ቀና አለ። እትዬ አስካለ በአንድ ጣታቸው ወደ ላይ ነካ አደረጉት፤ ተነሣና ቆመ። ከሥሩ ገብተው አናታቸውን ሰጥተው ጠበቁ። አልወደቀም። ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት ዓይን እንደሚከደን ተከደነ። ጋሽ ዘውዴ በዚያው በር ቀድመው ገቡና ወደ ራሳቸው ቦታ ተሻገሩ። እትዬ አስካለ ተከትለው ተቀመጡ፤ ከውስጥ ከፈቱ፣ ዘጉ፤ ደግመው ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ አልከፈቱም። ክንፍ በሌላት አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ፤ ምን እንደሚባባሉ አይሰማም።

ሰፈሩ ቅር አለው። አንድም ያጨበጨበ የለም።

«አይበረክትም» አለ አንዱ።

«ዛሬ ቢይዝ ነገ ይለቃል። እትዬ አስካለ ደግ ስለሆኑ እሺ አሉላቸው እንጂ!»

እየተነጫነጩ ወጡ። በየነ መጨረሻ ላይ፣ ወፍራሞቹን ሾኮች በብብቱ ሸጉጦ፣ እርጥብ ጨርቅ አገጩ ላይ ይዞ ደረሰብኝ። አብጧል። መናደዴን ለአፍታ ረሳሁና አዘንኩለት። «በጣም ተጎዳህ እንዴ?» አልኩት።

ጨርቁን አንሥቶ እብጠቱን ወደ ብርሃን አዞረልኝ።

«አየህ አይደል ጉልበቱን?» አለኝ፣ በኩራት።