እጄን የጨበጠ ሁሉ

እኛ ወሎዎች ሰላምታ ላይ ቁጥብ አይደለንም። ሰው መንገድ ላይ ስናገኝ ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን ማለፍ አይሆንልንም። እጁን እንይዛለን፣ እንስማለን፣ እሱም የእኛን ይስማል፤ ከዚያ የራሱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹን፣ የጎረቤቱን ጠይቀን ስናበቃ እጁ አሁንም እጃችን ውስጥ ነው። ሚኒባስ የሚያመልጠን ለዚህ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር እጇ የማይጨበጥ ሴት ሁናችሁ ኑሩ ብትባሉ ምን ይሰማችኋል? እኔ ኖሬዋለሁ። በጋውን ሙሉ።

ስሜ ሰዓዳ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ ብርድ ልብስና ሻርፕ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ብርድ ልብሱ ያ ነብርና አበባ ያለበት ለስላሳው ነው፤ ሁላችሁም ቤት አለ፣ አትደብቁኝ። የምቀመጠው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሲሆን እንዲመቸኝ አንዱን ብርድ ልብስ አጥፌ አነጥፍበታለሁ። አባያዬ ናይለን ነው፤ ጫማዬ ላስቲክ።

በጋ ሲገባ ከአምባሰል ተራራ የሚወርደው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ሐይቁ ዳር ተቀምጠሽ ምን ደረቅ አየር ታወሪያለሽ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ኅዳር ላይ መጥታችሁ የራሳችሁን ከንፈር እዩት። ነገሩ የጀመረኝ በዚያ ወቅት ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ ለደንበኛ ሻርፕ ሳቀብል ጣቴ ጣቷን ሊነካ ሲል ጧ ይላል። ሴትዮዋ እጇን ትሰበስባለች፤ እኔም እሰበስባለሁ፤ እንሳሳቃለን። መጀመሪያ እንሳሳቅ ነበር ማለቴ ነው። ቆይቶ የምስቀው እኔ ብቻ ሆንሁ።

አጠገቤ አሳ ጠብሳ የምትሸጠው እታገኝ አንድ ቀን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሰዉ የሚለውን ነገረችኝ። ጂን ሰፍሮባታል የሚል አለ፤ ዛር ነው የሚል አለ፤ ምቀኛ ያስደረገባት ነው የሚልም አልጠፋ። እኔስ እንዲህ ያለውን አላምንም፣ ግን ለማንኛውም ጠበል እኔው እወስድሻለሁ አለችኝ። የእኔን ሃይማኖት ረስታው አይደለም፤ ለጎረቤት ሲሆን እዚህ አገር ያን ያህል አንጨናነቅም።

ስምንተኛ ክፍል የተማርሁትን ነገርኋት። እስኪ ለእናንተም ልንገራችሁ። ማንኛውም ነገር ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ፣ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች አሉ። ሁለት ዓይነት ነገር ሲነካካና ሲፋተግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ የሰጠው ይጎድለዋል፣ የተቀበለው ይተርፈዋል። መምህራችን ማበጠሪያ ጸጉራቸው ላይ አሽተው ብጥስጣሽ ወረቀት ያስነሡልን የነበረው በዚህ ነው። እኔም ናይለኔን ለብሼ ብርድ ልብሱ ላይ ስወዛወዝ ውዬ ብድግ ስል ሰውነቴ ያንኑ ተሸክሞ ይነሣል። ወደ መሬት እንዳይወርድ የላስቲኩ ጫማ ያግደዋል፤ ወደ አየሩ ቀስ ብሎ እንዳያልቅ አየሩ ደርቋል። ምን ያድርግ? ብረት ወይም ሰው እስኪያገኝ ይጠብቅና በአንድ ጊዜ ይዘላል። እታገኝ አሳዋን እያገላበጠች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ጠበሉ ግን ምንም አይጎዳሽም አለችኝ።

ይህ ሁሉ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። ልጄ ሐያት ባትታጭ።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያጫት ጀማል የሚባል የውጫሌ ልጅ ነው፤ ወዶ ነው፣ ወዳው ነው። እናቱን ዘሃራን ገና በተዋወቅን ቀን ወደድኋት፤ ዕድሜያችንም ተቀራራቢ ስለሆነ ወዲያው አንቺ ተባባልን። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ የሠርጉ ነገር መነሣት ሲጀምር ዘሃራ ልትጠይቀኝ ሱቄ መጣች። ሳያት ደስታዬ ከወንበሩ አስፈንጥሮ አስነሣኝ። እጇን ልይዝ ስል እሷ ቀደመችኝ፤ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ሳይደርስ ጧ አለ።

አፏን ይዛ ቀረች። ብዙም ሳትቆይ መኪና እንዳያመልጣት ብላ ሄደች።

ከዚያ ሽማግሌው ተመልሶ መጣ። መልእክቱ በትሕትና የተጠቀለለ ነበር፤ ልጅቷን ወደናል፣ ቤታችን ናት፣ እናቷ ግን ከሠርጉ በፊት ትታከም፣ ወዳጃ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ለጸሎት ተሰብስቦ ዱአ ይደረግላት፣ እኛም መጥተን እንቀመጥ የሚል። ሐያት ከመጋረጃው ኋላ ሰምታ ኖሮ ሽማግሌው እንደወጣ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እማ፣ አንድ ቀን ብቻ ተቀመጪላቸው። ምን ይጎድልብሻል?»

ዱአ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። ሶላቴን እሰግዳለሁ፣ ዱአ አደርጋለሁ፣ ሲደረግልኝም አሜን እላለሁ።

«ሐያት፣» አልኋት፣ «ዛሬ የሌለብኝን አለብኝ ብዬ ብቀመጥ፣ አንቺ ነገ የዚያች ሴት ልጅ ተብለሽ ነው የምትገቢው። ሕፃንሽ ቢያለቅስ በእኔ፣ ላማቸው ብትነጥፍ በእኔ። አልቀመጥም።»

አለቀሰች። ልቤ ተቆረጠ፤ ቃሌን ግን አላጠፍሁም። እታገኝም በዚሁ ሰሞን አንድ ብልሃት አመጣችልኝ፤ እንደምትዪው ከሆነ ወንበሩን ለምን በእንጨት አትቀይሪውም፣ ጥጥ ለምን አትለብሺም፣ ሰው ከመጨበጥሽ በፊት የበሩን ብረት ለምን አትነኪም አለችኝ። ልክ ናት። ሦስቱም ይሠራሉ። አላደረግሁትም። ወንበሩን ብቀይርና ነገሩ ቢቀር ሰዉ የሚለው «ለቀቃት» ነው፤ የለቀቀ ነገር ደግሞ ነበረ ማለት ነው። እንዲያውም ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጨመርሁበት።

ከዚያ ለዘሃራ ላክሁባት። ብቻሽን ነይ፣ ስለ ልጆቻችን እናውራ አልኋት። መጣች። ከሩቅ ሰላም ተባባልን፤ ወሎ ውስጥ ከሩቅ ሰላም መባባል ምን ያህል እንደሚያም እናንተ ታውቁታላችሁ። ወንበሬ ላይ አስቀመጥኋት። እሷም አዲስ ናይለን ለብሳለች፤ ጫማዋም ከእኔው ጫማ አይሻልም። ስለ ጀማል ሥራ አወራን፣ ስለሚኖሩበት ቤት አወራን፤ እሷ መቀመጫው እየተንሸራተተባት ትመቻቻለች፣ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ሲበቃት አየሁና፣ «እስኪ ተነሺና ያንን የበር እጀታ ንኪው» አልኋት።

ተነሥታ ነካችው። ጧ አለባትና ዘለለች። እንደገና ተቀመጪ አልኋት፤ በግድ እሺ አለች፤ እንደገና ነካች፤ እንደገና ጧ። እኔ አጠገቧም አልነበርሁ። ያን ጊዜ ደረቴን ነፋሁ። አየሽ ዘሃራ፣ ወንበሩ ነው፣ ልብሱ ነው፣ አየሩ ነው፤ ሰዓዳ አይደለችም ብዬ እንደ መምህራችን ማብራራት ጀመርሁ። ዘሃራ ጣቷን እያገላበጠች አየችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰዓዳ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «አስተላለፍሽብኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ ኤሌክትሮኑን እንደገና ልጀምርላት ነበር። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ንዴቱ ደግሞ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ባዶ እጁን አልመጣም።

«እንግዲያ እኩል ሆነናል፣» አልኋት። «እኔም አለብኝ፣ አንቺም አለብሽ። አሁን ነገር ካለባት ሴት ቤት ልጄን ልስጥ ወይስ ልተው ብዬ የማስበው እኔ ነኝ። ዘመድ አማክሬ መልሱን እልክብሻለሁ።»

ጣቷን መዳፏ ውስጥ ሸሸገች። በመንገዱ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ። በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውጫሌ ላይ እንዳላወራባት። ልጄ በስሟ ከተከበረች አፌ የተዘጋ ነው አልኋት። ሽማግሌው በሳምንቱ ተመልሶ ያ ነገር ተትቷል አለ። ለምን እንደተተወ እሱም አያውቅ፣ እኔም አልነገርሁት።

ሠርጉ ሲደርስ የበልጉ ዝናብ ቀድሞ ገባ። መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ድንኳኑ አፈሰሰ፣ አየሩ እርጥብ ሆነ። እርጥብ አየር ያንን የተጠራቀመ ነገር ሳትሰሙት ቀስ እያለ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ ያን ሰሞን እኔንም የጨበጠኝ ሰው የሰው እጅ ከመጨበጥ በቀር የደረሰበት ነገር የለም። ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል መጥታ እጇን ፈራ ተባ እያለች ሰጠችኝ። ምንም። ተሳሳምን። ሐያት ከሩቅ አይታን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች።

ዘሃራ ወደ ጥግ ወስዳ ምሥጢሯን ነገረችኝ። ከሱቄ እንደተመለሰች ወዳጃ ተቀምጣ ዱአ ተደረገላት፤ እሱ ብቻ አላስተማምን ብሏት በጎረቤቷ አማካይነት ጠበልም ሄደች፤ በስንት መከራ ለቀቃት። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ።

«አንቺስ? ቤትሽ ተቀምጠሽ እንዴት ለቀቀሽ?»

ዘነበ አልኋት። ስለ እርጥበቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳኋት፤ አላቋረጠችኝም፤ ራሷንም እየነቀነቀች ሰማችኝ። ስጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አብሽሪ፣ ለማንም አልናገር። ያሻረሽ ሰውዬ የት ነው?»

ይኸው እስካሁን ሰውየውን ደብቃኛለች ብላ ለሐያት ሳይቀር ታማኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ሱቄ መጥታ፣ በጋው ሳይመለስ ስሙን ባትነግሪኝ እንኳ አቅጣጫውን ንገሪኝ ብላ ለመነችኝ። ደመናውን ማለቴ ነበርና በጣቴ ወደ ላይ አሳየኋት።

«እሱንማ አውቀዋለሁ፣» አለች ተቀይማ። «እኔ የጠየቅሁሽ ከእሱ በታች ያለውን ነው።»