አያ ጅቦ የሆድ ዕቃ መምህር የሆነ ጊዜ

ተረቴን ልዘርጋ፣ ጆሮ ያለው ይጠጋ።

ድሮ ድሮ በአንድ ጫካ ዳር የሰው ልጆች ትምህርት ቤት ነበረ። አንድ ቀን እንቁራሪት ከዚያ እየተንቀጠቀጠች መጣችና በመስኮት ያየችውን ለእንስሳቱ ነገረች።

«ሠላሳ አራት ተማሪዎች ዘመዴን በጀርባዋ አስተኝተው፣ አራት እግሯን በመርፌ ወጥረው ሆዷን ከፈቱት። ልቧን፣ ጉበቷን፣ ሳንባዋን እያዩ በደብተራቸው ሣሉ። ሁለቱ ራሳቸውን ሳቱ፤ ሠላሳ ሁለቱ ፈተናውን አለፉ።»

እንስሳቱ ወዲያው ተሰበሰቡ። ለሟቿ ያዘነ አልነበረም፤ ሁሉም የቀናው በደብተሩ ነበር።

«ሰው የሚገዛን ለካ ውስጣችንን ስለሚያውቅ ነው!» አለ አህያ። «እኛም እንማር እንጂ!»

ሰብሳቢዋ ጦጢት «መምህሩ ማን ይሁን?» ስትል «በሆድ ዕቃ ልምድ ያለው አያ ጅቦ ነው!» ተባለ። በአንድ ድምፅ ተመረጠ። «የሚከፈተውስ ማን ይሁን?» ስትል ግን ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሦስት ሰዓት ተከራክረው ከስብሰባው የቀረችውን ዶሮን መረጡ። በቦታው የሌለ ሲመረጥ ጭብጨባው ይደምቃል።

ዶሮ የቀረችው ዘጠኝ ዕንቁላል ታቅፋ ስለነበር ነው። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ብቻ ሲቀራቸው፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ቀበሮዎች ግራና ቀኝ ይዘው አመጧት። አሥራ ሰባት ተማሪዎች ተደርድረው፣ አያ ጅቦም ነጭ ጨርቅ ለብሶ ምራቁን እየዋጠ ጠበቃት።

«አይዞሽ እመት ዶሮ፣ ለዕውቀት ነው። በጀርባሽ ተኚ» አላት።

ዶሮ ዘጠኙን ዕንቁላል አሰበች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«እሺ መምህር። ግን እኔ ያደግሁት ሰው ግቢ ነው። እዚያ አማት ምራቷን ስታስተምር የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ምራቲቱ ባለሙያ አትባልም። እህቶቼ ሁሉ ያለቁት በዚያ ትምህርት ነው። እስቲ እርስዎም አስቀድመው አሥራ ሁለቱን በየስማቸው ይቁጠሩልን፤ ልጆቹም ይጻፉ።»

ተማሪዎቹ እርሳሳቸውን አነሡ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንደኛ፣ ሥጋ። ሁለተኛ፣ አጥንት። ሦስተኛ...» አሰበ፣ አሰበ። «ሦስተኛ፣ ላባ!»

«ላባ?» አለች ፍየል። «ኧረ መምህር፣ ጉበቱስ የት ነው የሚገኘው?»

«እኔ የማውቀው በጉሮሮዬ ሲያልፍ ነው!»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ዶሮ ግን አልሳቀችም።

«ግድ የለም መምህር፣ ከፍተው ያስተምሩ። ብቻ ትምህርቱ ሲያልቅ አሥራ ሁለቱም እዚህ ገበታ ላይ ተቆጥረው ለቤተሰቤ እንዲመለሱ በሁሉም ፊት ቃል ይግቡልኝ።»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «አሥራ ሁለቱም? ስምንቱ አይበቃም?»

«አሥራ ሁለት።»

«እሺ፣ አራቱን ልመልስ።»

«መምህር፣ እየቀነሱ ነው እኮ!»

«በቃ፣ ላባውን አንድም ሳላስቀር እመልሳለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ ጦጢት ተነሣች። «አያ ጅቦ፣ የመጣኸው ልታስተምር ነው ወይስ ቁርስህን ልትበላ?»

«ያለ ቁርስ የሚያስተምር ሞኝ ፈልጉ!» አለና ነጩን ጨርቅ ወርውሮ ወደ ዋሻው ሄደ። ቀበሮዎቹም ዶሮን ቅር እያላቸው ለቀቋት።

አህያ አፍሮ ጆሮውን ጥሎ ቀረበ። «እመት ዶሮ፣ አትቀየሚን። ውስጥሽን ለማወቅ ብንጓጓ ነው።»

ዶሮ ዕንቁላሎቿ ሳይቀዘቅዙ ለመድረስ መንገድ ጀምራ ነበር። ቆም አለችና ዞራ አየችው።

«ሆዴን ከፍታችሁ ለማየት አሥራ ሰባት ሆናችሁ ተሰለፋችሁ» አለች። «አሥራ ስምንት ቀን ታቅፌ ስቀመጥ ግን፣ ርቦሽ ይሆን ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።»