የገረሴን አየር መርዝ ያልኩት እኔ ነኝ

ጓዶች፣ ዛሬ የሆንኩትን ስትሰሙ አብራችሁኝ ሻይ መጠጣት እንዳታቆሙ።

እንደምታውቁት አርባ ምንጭ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ሥራዬ አየር መመርመር ነው። አየሩ በማጣሪያ ይሳባል፤ ማጣሪያው የያዘውን አጥበን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደግናቸው የሳንባ ሴሎች ላይ እንጨምራለን። ሴሎቹ ከሞቱ፣ የገደላቸውን ነገር ስም የኬሚስትሪ ማሽኑ ይነግረናል።

አንዱን ናሙና ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ሰፈር ወሰድኩ፤ በቀጥታ ላብራቶሪ አስገባሁት። ሌላውን ለማነጻጸሪያ፣ ንጹሕ አየር ብዬ፣ ደጋው ላይ ካለችው ገረሴ፣ ከአጎቴ ግቢ።

ትናንት ሁለቱም ናሙናዎች የተጨመሩባቸው ሴሎች ሞተው አገኘኋቸው።

የገረሴው ይብሳል።

አጎቴ ቤት ደግሞ አራስ አለች።

ማሽኑን መጠበቅ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። እናንተ ብትሆኑ ትጠብቁ ነበር?

ወዲያው ደወልኩለት። "አጎቴ፣ አየሩ መርዝ አለው። ሕፃኑን ይዛችሁ ውጡ።"

"ከአየር ወዴት ነው የሚወጣው ልጄ?" አለኝ።

ይህን ቢልም በዚያ ብርድ አራሷን ጠቅልሎ ታች ሰፈር አማቱ ዘንድ ወሰዳት። ጎረቤቱም ሰምቶ ከብቶቹን እየነዳ ተከተላቸው።

ዛሬ ጠዋት ደወለ። ሕፃኑ ያስላል።

ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁት። ውጤቱ ሲወጣ አማካሪዬ ስክሪኑን አይቶ ወደኔ ዞረ።

"ምሕረት፣ የገረሴው ላይ የወጣው የትንኝ መርዝ ነው። ገረሴ ፍሊት የሚነፋ አለ?"

ገረሴ ብርድ እንጂ ትንኝ የለም። ትንኝ ያለው አርባ ምንጭ፣ እኔ ክፍል ነው። ከገረሴ ደክሞኝ ስገባ ማጣሪያውን ሳልከድነው አልጋዬ ላይ ጥዬ ክፍሉን ፍሊት በፍሊት አድርጌው ነበር።

የከተማውን ናሙና ሴሎች የገደለው ግን የፕላስቲክ ጭስ ነው። ያኛው እውነት ነው።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማጣሪያው አጠገብ ፍሊት የነፋሁት እኔ ነኝ። ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።"



"ሕፃኑን ጤና ጣቢያ ወስደነው ነበር" አለ። "ብርድ ነው አሉን። ደህና ነው። አየራችንስ?"

"ገና አላውቅም። እንደገና መጥቼ ናሙና እወስዳለሁ።"

"ነይ። ፍሊቱን ግን እዚያው ተይው።"

ነገ ቆሻሻው የሚቃጠልበት ሰፈር ሰዎች ፊት ቆሜ "ይህ ጭስ ልጆቻችሁን ይጎዳል" ማለት አለብኝ። የገረሴው ወሬ ግን ቀድሞኝ ደርሷል።

አሁን እውነቱን ይዤ ስሄድ ማን ይስማኝ?