ስድስት ሺህ ስም ከባሕር ማዶ ወደ ጭድ ተራ የገባበት ዜና

የሶማሌ ተራ መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ በተቆፈረ በሁለተኛው ዓመት፣ ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ስልክ ውስጥ በገባበት ዘመን፣ በወርኃ ጥቅምት፣ ብርዱ ጠንክሮ የብርድ ልብስ ገበያ በደራበት ሰሞን፣ ጋሼ ሙናዊር፣ ዐቃቤ ብርድ ልብስ ዘሶማሌ ተራ፣ በዋጋ ክርክር ያልተረቱ፣ በሱቃቸው ደጃፍ በፕላስቲክ ወንበር ተሠይመው ሳሉ ማኅተም ያለበት የመንግሥት ደብዳቤ መጣባቸው። ቃሉም፦ «የደንበኞቻችሁ መረጃ ከሀገር ውጭ እንዳይቀመጥ፤ በውጭ ያለው በአሥራ አምስት ቀን ይመለስ፤ እምቢ ያለ ፈቃዱ ይታገዳል» የሚል ነበር።

መረጃውም ይህ ነው፤ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የስድስት ሺህ ቸርቻሪዎች ስምና ስልክ፣ ማን ምን ዓይነት ብርድ ልብስ እንደሚወድ፣ የማን ልጅ መቼ እንደምትዳር። ሠላሳ ዓመት የተለቀመ ወዳጅነት ነው። የወንድማቸው ልጅ ኢክራ ከአሮጌ ደብተር ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ ባሕር ማዶ ባለ የኪራይ ሰርቨር አኑራዋለች። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላው ብርድ ልብስ ሻጭ ሽኩር አለ፤ ያን ዝርዝር ለማየት ሱቁን ቢሸጥ የማይቆጨው ሰው ነው።

ወእምዝ ኢክራ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ አዋጅ አወጣች፦ «ጋሼ፣ አይጨነቁ። እዚሁ አዲስ አበባ ሰርቨር ይከራያል፤ ማንም እንዳያነበው ቆልፌ አዛውረዋለሁ፤ ሦስት ቀን ይበቃኛል።» ዐቃቤ ብርድ ልብስም መለሱ፦ «የእኔ ደንበኛ በሰው ቤት ተከራይቶ አይኖርም። በእጄ ያልዳሰስኩትን ዕቃ መጋዘን ገባ አልልም። ሁሉም በወረቀት ወጥቶ ጭድ ተራ ካለው መጋዘኔ ይግባ፤ የቀረው ከየኮምፒውተሩ ይጥፋ።» ኢክራ «እርግጠኛ ነዎት ወይ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች፤ በሦስተኛው የአውራ ጣት ሥዕል ተላከላት። እሷም ማተም ጀመረች።

ሕትመቱ አምስት ቀን ፈጀ፤ አንድ ፕሪንተርም በግዳጅ ላይ ወደቀ። ሥራው ሲያልቅ ግን ታላቅ ነውር ተገኘ፤ በየገጹ ራስ ላይ የጋሼ ሙናዊር ስም የለም። ወዲያው አዋጅ ወጣ፦ «የባለቤቱ ስም የሌለበት ንብረት የማንም ነው፤ በቀይ ቀለም ስሜ ገብቶ እንደገና ይታተም።» የፊተኛውስ ወረቀት ምን ይሁን ሲባል፣ የካርቶን ሲባጎ እንኳ ገዥ በሚያገኝበት በመርካቶ ያደጉ ናቸውና፦ «ወረቀት አይጣልም፤ በኪሎ ይሸጥ» አሉ። ኢክራ ይቃጠል ብላ ነበር፤ አሳቧ ሚዛን ላይ ስለማይወጣ ዋጋ አላገኘም። ዘበኛው ዘውገ ሰባት ጆንያ ሞልቶ ሸጠው።

ዳግመኛው ሕትመት ሲያልቅ ኢክራ ዝርዝሩን ከየኮምፒውተሩ አጠፋችው፤ በቅዳሜ ቀንም ባለ ቀይ ስሙ ወረቀት ዘመተ። ከፊት የተሸካሚዎች አለቃ በሪሁን «መንገድ! መንገድ!» እያለ፣ ከኋላው አሥራ አራት ተሸካሚዎች ካርቶን በትከሻ፣ ከእነሱ ኋላ የሱቁ ሠራተኛ ጠሀ ሰባት ጓጉንቸር በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ከዚያም ማንም ያልጠራቸው ሁለት በጎች፣ በመጨረሻም ጋሼ ሙናዊር በነጭ ቆብ። መጋዘኑም በሰባቱ ጓጉንቸር ተቆለፈ። ተቆጣጣሪው መጣ፣ በውጭ አንዳች እንዳልቀረ አረጋገጠ፣ ጓጉንቸሮቹን ቆጠረ፣ «መመሪያውን ሙሉ በሙሉ አሟልቷል» ብሎ ፈረመ። የእጅ ጽሑፉም ቆንጆ ነበር።

ከዚህ በኋላ በሶማሌ ተራ እንግዳ ነገር ሆነ። ጥርሱ ያለቀው ሽኩር ሳምንቱን ሙሉ ከመንገድ ዳሯ ለውዝ ሻጭ ከሙሉነሽ ለውዝ ሲገዛ ሰነበተ፤ ለውዙን ለተሸካሚ እያደለ መጠቅለያውን ወደ ሱቅ ያስገባል። በደጁም የጭነት መኪና ተሰለፈ። በጋሼ ሙናዊር ደጅ ግን ዝንብ እንኳ ጠፋ። ለደንበኛ እንዳይደውሉ፣ አንድ ስልክ ለማግኘት ሰባት ጓጉንቸር ከፍቶ አሥራ አራት ካርቶን መገልበጥ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ሆድ ሲብሳቸው ከሙሉነሽ ለውዝ ገዙ። በልተው ሲጨርሱ መጠቅለያውን አነበቡ፦ «ሰኪና፣ ወልቂጤ። ቀለም ታማርጣለች፤ ቃሏን አታጥፍም። ልጇ በጥቅምት ትመረቃለች።» ከስልኳም ጋር። ሰኪና የመጀመሪያ ደንበኛቸው ነበረች። በድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ በእውነት ከፋቸው። ከዚያም ደወሉላት።

የሰኪናም አዋጅ ይህ ነበር፦ «ጋሼ ሙናዊር፣ ያ የማላውቀው ሽኩር እንኳ ደውሎ እንኳን ልጅሽ ተመረቀች አለኝ። እርስዎ ግን በሠላሳ ዓመት ገና ዘንድሮ ረሱኝ።»

እንግዲህ ትውልድ ይስማ፤ ከተመለሱ ወዲህ ከስድስት ሺህ ስም አንዲት ስንኳ ኬላ አልተሻገረችም፣ ዳግመኛ ባሕር አላየችም። ክብር ይድረሳቸው ለጋሼ ሙናዊር፣ ለዐቃቤ ብርድ ልብስ፣ ለመመሪያ አክባሪው፣ ሀብታቸውን ከባሕር ማዶ አስመልሰው ለመንገድ ማዶ ላስረከቡት።