ለሁለት ሰርቨር የፈረድኩት ፍርድ

እኛ መርካቶ ያደግን ሰዎች ድርሻ የሚባል ነገር ሲነሳ ደስ አይለንም። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሠሩ ኖረው አንደኛው «ይሄ የእኔ፣ ያ የአንተ» ካለ ጎረቤቱ ሁሉ «ምን አጣላቸው?» ይላል። መጣላታቸው ሳይጣራ ሽማግሌ ይላክባቸዋል። እኔም ብዙ ሰው አስታርቄያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሾቹ አልተጣሉም ነበር።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለ ፎቅ በር ላይ እውላለሁ፤ አዛን ሲል በሩን ለባለሱቆች አደራ ብዬ ሄጄ እሰግዳለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዕድሜዬ ግን አልቆመምና ሽማግሌ ሆኛለሁ፤ ሽማግሌ ደግሞ የማያውቀውንም ይጠየቃል። የባሰው ነገር መመለሱ ነው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጀማልና ተካ የሚባሉ ሁለት የሠርግ ቪዲዮ ሠሪዎች አሉ። የልጄን የፋጡማን ሠርግ የቀረጸው ጀማል ነው። ባለቤቴ ራቢያ የዚያን ቀን ልጇን መርቃ ሸኘቻት፤ ዓመት ሳይሞላ ሞተች፣ አላህ ይዘንላት። ፊልሙን ከፍታችሁ ምርቃቱ ጋ ስትደርሱ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፤ ድምፅዋ ግን የለም። ዘፈን ተጭኖበታል። የሠርግ ፊልም ወጉ ነውና ያኔ ማንም ቅር አላለውም። ከሞተች በኋላ ፋጡማ ጀማልን ጠየቀችው።

«ያልተቆረጠው አለ። ድምፅዋም አለ» አላት። «አሁን ዕቃችንን ወደ አዲሱ ሳጥን እያዛወርን ነው። ስንጨርስ አወጣልሻለሁ።»

አዲሱ ሳጥን ጀማልና ተካ አዋጥተው የገዙት የጋራ ማከማቻ ነው፤ ሆዱ በዲስክ የተሞላ። ሁለቱም ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር አላቸው፤ ከሁለቱም የሚመጣው ሥራ እዚያ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የተተከለው ከደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ነው። ቁልፏ እኔ ዘንድ ስለሆነ ሕይወት የምትባለው ባለሙያ ልታገናኘው ስትመጣ እኔም ቆሜ ነበር።

«ሳጥኑን ለሁለት እከፍለዋለሁ» አለች። «የጀማል ሰርቨር የራሱን ክፍል ብቻ ያያል፣ የተካም የራሱን።»

ተካ ሳቀ። «ጀማል፣ ልትሸሸኝ ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አልኩ? እሷ ናት።»

«የእኔ ክፍል ሞልቶ ያንተን ባዶውን ቆሜ ልይልህ?»

«ሁለቱም አንድ ክፍል ላይ ከጻፉ፣ አንዱ ሌላው የት እንደጻፈ አያውቅም፤ በላዩ ላይ ይጽፍበታል» አለች ልጅቷ። «አብራችሁ ልትጠቀሙ ከሆነ የሚያስማማቸው ሌላ ፕሮግራም ይገባል። እሱ እስኪገባ ለየብቻ ይሁኑ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ጋሽ ሸምሱ ምን ይላሉ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። «ልጄ» አልኳት፣ «እነዚህ በአንድ ትሪ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። አትለያያቸው።»

«እነሱ ይተዛዘናሉ፣ ጋሼ። ማሽኖቹ አይተዛዘኑም።»

«ግዴለም፣ አላህ ይጠብቀዋል» አልኳት። ፈጣሪ ጥበቃውን የላከው በእሷ አፍ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። «በኋላ እኔን እንዳትሉ» ብላ ሁለቱንም አስፈርማ ሳጥኑን ሳትለያይ እንዳለ ለሁለቱም ከፈተችላቸው።

ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ። እኔም ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፣ ልጅቷን አሸነፍኳት ብዬ። እነ ጀማል ዕቃው ሁሉ ገብቷል ብለው የድሮዎቹን ዲስኮች አጥፍተው አዲስ ሠርግ ቀረጹባቸው። በሦስተኛው ሳምንት የጋራው ማከማቻ ተበላሸ። አንዱ ፋይል እንቢ አለ፤ ሌላው ተከፍቶ መሀል ላይ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሕይወት መጥታ ሁለት ቀን ታገለች። የተወሰነውን አዳነች። ያልተቆረጠውን የፋጡማን ሠርግ አላገኘችውም።

«ብዬ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀማል ደረጃውን ወርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? የፈረድኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

አሁን ሳጥኑ ለሁለት ተከፍሏል። ጀማልና ተካ አልተጣሉም። ያኔ ቢከፈልም አይጣሉም ነበር።

ለፋጡማ ሄጄ ነገርኳት። «አባዬ፣ እማዬ ስትመርቀኝ አንተ እኮ አጠገቧ ቆመህ ነበር» አለችኝ። «እኔ እያለቀስኩ አልሰማኋትም። ምን ነበር ያለችኝ?»

አጠገቧስ ነበርኩ። ግን የሚኒባሱ ሹፌር ረፈደብኝ እያለ ሲነዘንዘኝ ከእሱ ጋር ስከራከር ነበር። እሱ ያለኝን አንድም ሳይቀር አስታውሳለሁ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ፋጡማ ያንን ባለዘፈኑን ፊልም ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ ጥግ ይዤ እከፍተዋለሁ፤ ድምፁን አጠፋና ከንፈሯን አያለሁ። ምን እንደለመነች አላውቅም፤ የተለመነው ያውቃል። ከንፈሯ ሲያቆም «አሚን» እላለሁ።